ቫኩላ ብድግ ስትል

በሕንድ አገር፣ በማይላፖር የሙዚቃው ወር ሲገባ የተጫዋች ዕጣ የሚወሰነው ከአዳራሹ ጓሮ ባለው ሻይ ቤት ነው። ሕዝቡ ካልጣመው አይጮህም፣ አያፏጭም፤ ቦርሳውን አንሥቶ ቫዳ የሚሉትን ትኩስ የዘይት ጥብስ ሊበላ ይወጣል።

ስለዚህ መምህር ናራሲምሃን ለተማሪያቸው ለቫኩላ አጭር ፍርድ ሰጧት። "ያንን የፈረንጅ ዜማሽን ከእኛው መሀል አስገቢው፤ አልከለክልም። ሰዉ ለቫዳ ከተነሣ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ብራጋንሳ ዘንድ ለፈረንጅ ቫዮሊን ትምህርት መሄድሽ ያበቃል።"

"ካልተነሣስ?"

"እግሩ ደንዝዞት ይሆናል። ያኔ እናያለን።"

ቫኩላ መድረኩ ላይ እግሯን አጣጥፋ፣ የቫዮሊኗን ራስ ቁርጭምጭሚቷ ላይ አሳርፋ የአገሯን ዜማ አንቆረቆረችው። ሰዉ ራሱን እየነቀነቀ፣ ታፋውን እየመታ ምቱን ተከተለ። የፈረንጁ ተራ ሲደርስ፣ ብራጋንሳ እንዳስተማሯት ቫዮሊኗን አገጯ ሥር ልትወሽቅ ብድግ አለች።

አዳራሹም አብሯት ብድግ አለ። በዚያ አገር ተጫዋች የሚነሣው ሲጨርስ ነዋ!

"ጨረሰች እንዴ?" አሉ ከፊት የተቀመጡ ወይዘሮ።

"ይሁን አክስቴ፣ ቫዳው ሳይቀዘቅዝ እንድረስ!" አለ አጠገባቸው የነበረ ጎረምሳ።

መምህሩ ፊታቸውን በፎጣቸው ሸፈኑ።

ቫኩላ መለስ ብላ ዝርፍጥ አለች። የፈረንጁን ዜማ እዚያው፣ ከቁርጭምጭሚቷ ላይ ጀመረችው። በር የደረሰው ሁሉ አፍሮ ተመለሰ፤ ዜማው ባይገባውም አቀማመጧ ገብቶታል። ወዲያው ታፋ መምታቱ ቀጠለ።

የፈረንጅ ዜማ ግን ሊያልቅ ሲል እንደ ደከመ በሬ እግሩን ይጎትታል። ይህን ማን ነግሯቸው! የአዳራሹ እጅ ባንድነት ታፋው ላይ ጧ አለ፤ ድምፁ ገና አልመጣም። ሰዉ ተያየ። የመምህር ናራሲምሃን እጅ ብቻ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ጠበቃት። ድምፁ መጣ፤ እጃቸው ወረደ።

"ምቱ ጠፋባት" አሉ ወይዘሮዋ።

"እርስዎ ነዎት የቸኮሉት" አሏቸው መምህሩ።

ሲያልቅ ቫኩላ እግራቸው ሥር ጎንበስ አለች። "መምህር፣ የት እንደሚዘገይ በምን አወቁ?"

"በር ዘግተሽ ስትለማመጂ እኔ ደንቆሮ ነኝ?"

"ሰዉ እኮ ተነሥቶ ነበር..."

"ተነሥቷል። ቫዳ ቀምሷል?"

"አልቀመሰም።"

ብራጋንሳ ከኋላ እየተጋፉ መጡ። "ልጄ፣ የፈረንጅ ዜማ እንደ ልብስ ሰፊ፣ ወለል ላይ ተጎልተሽ!"

"ቅዳሜ ሂጂ" አሉ መምህር ናራሲምሃን፣ ወደ ብራጋንሳ ሳያዩ። "ስትሄጂ ግን እኚህን ሰውዬ መቀመጥ አስተምሪያቸው።"