ከመርዶው በፊት የጮኸ ክራር

ሰርክአዲስ ፊሊጶስን ያወቀችው ስፒከሩ የተበላሸበት መስሏት ነው። የጆሮ ማዳመጫዋን ልታሠራ ከጎባ ወደ ሮቤ ወርዳ፣ ገበያው ጥግ ካለችው የኤሌክትሮኒክስ ሱቁ ስትደርስ፣ ከውስጥ የሚወጣው ድምፅ የቆርቆሮ ጣራ በበረዶ ሲደበደብ የሚሰማው ዓይነት ነበር። ሰው አክባሪ ናትና ጥቂት ታገሠች። ከዚያ ግን አላስቻላትም፤ ወንድሜ፣ ስፒከርህ ተቀዷል አለችው። ፊሊጶስ ከት ብሎ ሳቀ። አልተቀደደም፣ ሙዚቃው ራሱ እንዲህ ነው፤ ሰው አስቦና ተጨንቆ፣ ጊታሩን ከአምፕሊፋየሩ ፊት ገትሮ እስኪያብድ ያስጮኸው ነው አላት። ሰርክአዲስ በልቧ፣ አይ ሥራ መፍታት አለች።

እሷ የላብራቶሪ ባለሙያ ናት። ከመንዝ፣ ከመሐል ሜዳ፣ በሥራ ምደባ ባሌ ከመጣች ዓመታት አልፈዋል። ብርዱ የአገሯን ብርድ ስለሚመስል ቶሎ ለመደችው። ያልለመደችው የታናሽ ወንድሟን የኪዳነማርያምን ነገር ነበር። ኪዳኔ ወደ ጦርነቱ ሄዶ ድምፁ ከጠፋ ቆይቷል። ሞተ ያለ የለም፤ አለ ያለም የለም። መርዶ ሳይመጣ ማልቀስ ደግሞ ሟርት ነው። እናቷ በስልክ ድምፅዋ መስለል ሲጀምር ከሰሙ ይቆጣሉ፤ ልጄ በሕይወት እያለ ሙሾ እንዳታወርጂበት ይሏታል። የሥራ ባልደረቦቿ አይዞሽ ይላሉ። አከራይዋ አዴ ሰቢሪና «ጀባዹ፣ በርቺ፣ አላህ ያውቃል» ይሏታል። አይዞሽ መልካም ቃል ነው፤ ሲበዛ ግን አፍ ይዘጋል።

ፊሊጶስ ማዳመጫውን ሠርቶ ሲያስረክባት፣ መሞከሪያ ይሁንሽ ብሎ ስልኳ ላይ ጥቂት ሙዚቃ ጫነላት። አንዳንዱ አባቶቻችን ልጅ ሳሉ የተቀዳ የፈረንጅ ሮክ ነው፤ አንዱ ዘፈን ብቻውን የሸክላውን አንድ ገጽ ይጨርሳል፣ ጊታሩ ወደ ኋላ ይጎተታል፣ ዘፋኙ ከጉድጓድ ውስጥ የሚጣራ ይመስላል። ሌላው ዘፈን ለመባል እንኳ አይበቃም፤ ጣቢያ የሳተ ሬዲዮ፣ የሚሞረድ ብረት፣ የሚያጓራ ሞተር ነው። ሰርክአዲስ ወደ ጎባ በሚመለሰው ሚኒባስ ውስጥ ልትስቅበት ከፈተችው። የስንዴ አጨዳ ነበርና በመስኮቱ ኮምባይነሮቹ ይታያሉ፤ የማዳመጫው ጩኸት ከእነሱ የመጣ ይመስል ነበር። መጀመሪያ ጥርሷን አፋጨባት። ቆይታ ግን ከጩኸቱ ሥር አንድ ቀጭን ድምፅ ሰማች፤ የማይቋረጥ፣ ማንም እንዲሰማው የማይለምን። እሱን ስትከተል ከሥሩ ሌላ አገኘች። ጎባ ሲደርሱ ረዳቱ እህት፣ እዚህ መጨረሻ ነው ብሎ ትከሻዋን ሲነካት ፊቷ በእንባ ርሶ ነበር። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ የእሷን ያወጣው ጩኸት ሆነ። አይዞሽ ሳይል አብሯት የጮኸ የመጀመሪያው ነገር ይኸው ነበር።

ከዚያ ወዲያ ሱቁ ቤቷ ሆነ። ፊሊጶስ የሆሳዕና ልጅ ነው፤ ቻርጀርና ሪሞት እየሸጠ ይኑር እንጂ ልቡ ያለው ጊታሩ ላይ ነው። እንዲህ ያለ ነገር የሚሰማ ሰው በሮቤ ፈልጎ አጥቶ ኖሯል፤ ስትመጣለት የጠፋች እህቱን እንዳገኘ ሰው ሆነ። ክራር እንደምትጫወት ሲያውቅ የክራሩ ሆድ ላይ ትንሽ ማይክ ለጥፎ ከአምፕሊፋየሩ ጋር አገናኘው። እሑድ እሑድ አንድ ባዶ የእህል መጋዘን ውስጥ ይለማመዱ ጀመር። ክራሩ በዚያ ማሽን ሲያልፍ ክራር መሆኑ ይቀርና ይጮኻል፣ ያጓራል፣ ይንሰቀሰቃል። አዴ ሰቢሪና አንድ ጊዜ በስልክ አሰምታቸው፣ ይኼ ልጅ ክራርሽ ላይ ጅኒ ጭኖበታል፣ ቁርዓን ይቀራበት ብለው ተቆጡ።

አንድ እሑድ ፊሊጶስ ስትጫወቺ ምን ታስቢያለሽ አላት። ለማንም ያልተናገረችውን ነገረችው።

«ኪዳኔን ነው የምጠራው። የት እንዳለ አላውቅም። በጣም ካስጮኽኩት ይደርሰዋል እላለሁ።»

ፊሊጶስ አልሳቀባትም። ስለዚህም አመነችው፤ ከእናቷ ቀጥሎ በምድር ላይ ያመነችው እሱን ነበር። ስልኳ የተበላሸ ጊዜ በእሱ ስልክ ወደ አገሯ ስትደውል፣ አጎቷ ጋሼ ሙሉአለም ቁጥሩን ይዘው፣ አደራ እህትህ ናት ብለውታል።

በኋላ ደስ የሚል ወሬ መጣ። ከአዲስ አበባ እንግዶች መጥተው ሮቤ በሚገኝ አዳራሽ ለትልቅ የሙዚቃ ዝግጅት ተጫዋቾች ሊመርጡ ነው። ፊሊጶስ እንቅልፍ አጣ። ልምምዱ በየቀኑ ሆነ። በዚያው ሰሞን ጠባዩ ተለወጠ፤ ዓይኗን አያይም፣ እሷ ስትጫወት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ያለቅሳል። ሙዚቃው ገባው ብላ ደስ አላት። የእናቷ ስልክ አልመልስ ብሎ ስትጨነቅም፣ በዚያ በኩል ኔትወርክ ተቋርጧል ሲባል ሰምቻለሁ፣ አታስቢ አላት። አላሰበችም።

የዝግጅቱ ቀን አዳራሹ በወጣት ሞላ። ገና ሲጀምሩ ሳቅ ተነሣ፤ አንዱ ቀንሱት ብሎ ጮኸ። ሰርክአዲስ ዓይኗን ጨፍና ኪዳኔን ጠራች። ከልጅነቱ ጀምራ ጠራችው፤ በልጅነቱ ስሙ፣ በቁልምጫው፣ ስትቆጣው በምትጠራበት። ክራሩ የሚችለውን ሁሉ ጮኸ፤ የፊሊጶስ ጊታር ከሥሩ ዝቅ ብሎ ይከተላት ነበር። ሲያበቁ እንግዶቹ ቆመው አጨበጨቡ። ፊሊጶስ አቅፏት ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። እሷ በሕይወቷ እንደዚያን ቀን ቀሏት አያውቅም።

በማግሥቱ ሊነጋጋ ሲል በሯ ተንኳኳ። የዕድሩ ሰብሳቢ አቶ ገብረጻድቅ ጋቢ ለብሰው፣ ከኋላቸው ሽማግሌዎች፣ ከሽማግሌዎቹም ኋላ ፊሊጶስ። በዚህ አገር በዚያ ሰዓት ጋቢ የለበሰ ሽማግሌ በር ላይ ሲቆም ምን እንደመጣ የማያውቅ የለም። ኪዳኔ ነው አለች። አቶ ገብረጻድቅ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። አዴ ሰቢሪና ከጓዳ ወጥተው ጨበጧት። አልጮኸችም፤ ለቅሶዬን ለእናቴ ላድርሰው አለች። ሽማግሌዎቹ መኪና ላይ ሲያሳፍሯት ፊሊጶስ እንግዶቹን መሸኘት አለብኝ ብሎ ቀረ።

መሐል ሜዳ ስትደርስ ግቢው ውስጥ ድንኳን የለም። መሬቱ ላይ የካስማው ጉድጓድና የተረጋገጠ ሣር ብቻ ነበር። ከበር የተቀበሏት ጋሼ ሙሉአለም ፊታቸው ጥሩ አይደለም።

«ምነው ልጄ፣ ይህን ያህል ጨከንሽ?» አሏት። «ለዚያ ልጅ ከነገርነው ወር ሊሞላው ነው። እናትሽ ታመዋል ብለህ አሳፍርልን፣ እዚህ ከእናቷ ጋር ታልቅስ ብለነው ነበር። ዛሬ መንገድ ተዘጋ፣ ነገ ፈቃድ ከለከሏት እያለ ሰልስቱም አለፈ። እናትሽ በር በሩን ሲያዩ ከረሙ።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ሰርክአዲስ ከአጥሩ ውጭ ወጥታ ለፊሊጶስ ደወለች። መቼ ነው የሰማኸው አለችው።

«ሰርኬ፣ ብነግርሽ ትሄጂ ነበር» አለ። «እንደዚያ የምትጫወቺው ሳታውቂ ብቻ ነው። ሰው ያንን እንዲሰማ ፈለግሁ። ደግሞ መርዶ ሁሉም ይደብቃል፣ ቀን ይፈለግለታል።»

«መርዶ የሚደበቀው ለሚነገረው ሰው ተብሎ ነው» አለችው። «ለራሱ ብሎ የደበቀ አንተን አየሁ። እናቴ ብቻዋን ስታለቅስ አንተ የእኔን ድምፅ ታስተካክል ነበር።»

እንግዶቹ መርጠውናል ሊል ሲጀምር ዘጋችበት። መጋዘኑ ውስጥ ያፈሰሰው እንባ ትዝ አላት። ሙዚቃው አልገባውም ነበር፤ ያውቅ ነበር። እሷ ወንድሟን ና እያለች ስትጠራ፣ ሥሯ ሆኖ የሚከተላት ጊታር ኪዳኔ እንደማይመጣ ያውቅ ነበር። ሰውየውን ጠላችው። ከሰውየው ይልቅ ያንን ጩኸት ጠላችው፤ በዓለም ላይ አይዋሽም ብላ የያዘችው እሱን ነበርና።

ወደ ቤት ገባች። ለቅሶ ያልደረሰ የቅርብ ዘመድ ሲመጣ ለቅሶው ይታደሳልና የጎረቤት ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተሰብስበዋል። እናቷ ጥቁር ለብሰው፣ ፀጉራቸውን ተላጭተው መደብ ላይ ተቀምጠዋል። ሰርክአዲስ እግራቸው ሥር ወድቃ ጉልበታቸውን ያዘች። ሴቶቹ ድምፅዋን ተቀብለው ሊያለቅሱ ጠበቁ።

አፏን ከፈተች። ምንም አልወጣም። ኪዳኔ ብላ ለመጥራት ደረቷን ጨበጠች፤ አልቻለችም። በልጅነት ስሙም፣ በቁልምጫውም፣ ስትቆጣው በምትጠራበትም አስጮኻ የጨረሰችው ሮቤ፣ በማያውቁት ሰዎች ፊት፣ በጭብጨባ ነው።

ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። እናቷ አገጯን ይዘው ፊቷን ወደ ላይ ቀና አደረጉ፤ ደረቅ ነበር።

«ለወንድምሽ አታለቅሺለትም?» አሏት።