የትኛው ፓርክ ስትሪት

የሔርሞን አባት አዲስ አበባ ማረፋቸውን እዚህ አሜሪካ ሆነን ማታ ሰማን። መርዶ እንዴት እንደሚነገር የታወቀ ነው፤ ባለ ሐዘኑ ወደ ሥራ ሳይወጣ፣ በማለዳ፣ ሰብሰብ ብሎ ሄዶ ቀስ አድርጎ ነው። በተለይ ሔርሞን ብቻዋን ነው የምትኖረው። ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ እሑድ እሑድ ስትዘምር «የእኛ ልጅ» እያልን የምንኮራባት ናት። ከስልኳ ላይ እንዳታየው ብለን የምናውቀውን ዘመዷን ሁሉ «እባካችሁ ፌስቡክ ላይ እንዳትለጥፉ» ስንል አመሸን። እኔ በዚህ ጉዳይ ቀልድ አላውቅም፤ አንዱ የአጎቷ ልጅ ላይማ ጮኬበታለሁ።

ጠዋት ሽማግሌያችን ጋሼ እሸቱ እኔንና ባርኮትን በመኪናቸው ወሰዱን። አድራሻውን የሰጠችን የመዘምራን አስተባባሪዋ ናት፤ የቤት ቁጥርና ፓርክ ስትሪት፣ በቃ። ጋሼ ስልካቸው ካርታ ላይ ጻፉና መጀመሪያ የመጣውን ነኩ።

ካርታው መሃል ከተማ፣ ዳውንታውን አጠገብ አደረሰን። መንገዱ መጠጥ ቤት ብቻ ነው፤ ከመጠጥ ቤቶቹ ቀጥሎ በረንዳው በአበባ ያጌጠ የጡብ ቤት አለ።

«ሔርሞን እዚህ? በነርሲንግ ሆም ደመወዝ?» አልኩ፤ አረጋውያን መጦሪያ ነው የምትሠራው።

ጋሼ ግን አንኳኩ። ፒጃማ የለበሰ ሰውዬ ውሻውን አቅፎ ከፈተ። ጥቁር በጥቁር የለበስን ሦስት ሰዎች በሩ ላይ ተደርድረን ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ።

«ማን ሞተ?» አለ በእንግሊዝኛ።

ጋሼ ደንግጠው «ሶሪ፣ ያንተ ሰው አይደለም» አሉት።

ባርኮት መኪና ውስጥ ሰርች አደረገች። «ጋሼ፣ ግሮቭ ሲቲም ፓርክ ስትሪት አለ!» ከተማውን አቋርጠን ወደዚያች የዳር ከተማ ከነፍን። እዚያ ደግሞ ሰው የሚኖርበት ቤት የሚባል ነገር የለም፤ መጋዘን፣ የቆመ ትራክ፣ እንደገና መጋዘን። ይህን መንገድ «ፓርክ» ያለው ሰው ምን ነክቶት ነው? አንድ ዛፍ እንኳ የለውም! የሔርሞን የሥራ መግቢያ ሰዓት እየደረሰ ነው። አስተባባሪዋን ኮል አደረግናት።

«ሬይኖልድስበርግ ነዋ! አላልኳችሁም?» አለች።

አላለችም። እኛም አልጠየቅናትም።

የሌላኛዋ የዳር ከተማ፣ የሬይኖልድስበርጉ ፓርክ ስትሪት ጸጥ ያለ የአፓርትመንት ሰፈር ነው፤ የልጆች ብስክሌት ሣሩ ላይ ተጋድሟል። ሔርሞን የሥራ ልብሷን እንደለበሰች፣ አንድ እግሯ ባዶ እንደሆነ ደረጃው ላይ ተቀምጣለች። ስልኳ መሬት ላይ ወድቋል፤ የአባቷ ፎቶ በጥቁር ሪባን ተከቦ ይታያል። አንዱ ፌስቡክ ላይ ለጥፎታል። ያን ሁሉ ለምነን!

አንዲት አሜሪካዊት ጎረቤቷ አጥብቃ አቅፋታለች። ጩኸቷን ሰምታ ከሻወር የወጣች መሆን አለበት፤ ፀጉሯ ውኃ ያንጠባጥባል።

ጋሼ «ልጄ» ብለው ጎንበስ ሲሉ ሴትዮዋ ቀና አለች።

«ቤተሰቧ ናችሁ?»

«የስ» አሉ ጋሼ።

«እንኳን መጣችሁ» አለች፤ ክፋት የለባትም፣ ከልቧ ነው። «እዚህ ስትኖር ዓመታት ሆናት፤ አንድም ቀን ሰው ሲመጣላት አይቼ አላውቅም።»

ሔርሞን ቀና ብላ ሦስታችንንም አየችን፤ ከዚያ ፊቷን መልሳ ሴትዮዋ ትከሻ ላይ ደፋችው።