ወይዘሮ ራሚዛ እስኪተነፍሱ

ሲናን የላካት የእንክብካቤ ድርጅት በሰጣት ወረቀት ላይ ስለ ወይዘሮ ራሚዛ የሰፈረው «ዕድሜ ሰባ ስድስት፤ የእንቅርት ቀዶ ሕክምና የተደረገላት፤ ብቻዋን የምትኖር» የሚል ብቻ ነበር። ዘፋኝ የሚል የለበትም። ሲናም አልጠየቀችም። ከኦክላንድ ሳን ሆዜ በባቡር መጥታ፣ መድኃኒት ሰጥታ፣ ሾርባ አሙቃ፣ በጊዜ ወደ ቤቷ መመለስ እንጂ የሰው ታሪክ መስማት አልነበረም ሐሳቧ።

በሦስተኛው ሳምንት ልብስ ስታጣጥፍ ወይዘሮ ራሚዛ ስልክ ላይ ሲጨቃጨቁ ሰማች። በቋንቋቸው ነበር፤ ግን ንዴት አስተርጓሚ አይፈልግም። ስልኩን ዘግተው ወንበራቸው ላይ ዘጭ አሉ።

«ሦስተኛው ነው» አሉ በእንግሊዝኛ። «አኮርዲዮን ይችላል ተብሎ መጣ። እንደ ባቡር ይነዳኛል።»

ቀስ በቀስ ነገሩ ወጣ። ወይዘሮ ራሚዛ በአሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው የሳራዬቮ ራዲዮ ፈትኖ የተቀበላቸው የሴቭዳ ዘፋኝ ናቸው። ሴቭዳ የቦስኒያ ሰው ሲወድም ሲናፍቅም የሚዘፍነው የቆየ ዘፈን ነው፤ አይጨበጨብበትም፣ አይጨፈርበትም። ሁለት ሸክላ አስቀረጹ። ጦርነቱ መጣና ሸክላውም ራዲዮውም ቀረ። ተሰደው መጡና ሳን ሆዜ አጠገብ ባለችው ሚልፒታስ ውስጥ አሥራ ሰባት ዓመት የኮምፒውተር ቦርድ ሲበይዱ ኖሩ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ አዴም ከሚባል አኮርዲዮን ተጫዋች ጋር ለአገራቸው ሰው ሠርግ ይዘፍኑ ነበር። አዴም ጥር ላይ ሞተ። አሁን ማኅበራቸው የስንብት ዝግጅት አዘጋጅቶላቸዋል፤ አምስት ሳምንት ቀርቶታል። ሐኪሙ ድምፃቸው ከዚህ በኋላ ብዙ እንደማይቆይ ነግሯቸዋል። አሁን ካልዘፈኑ መቼም አይዘፍኑም።

ሲና ሰዓቷን አየች። ሾርባው እየቀዘቀዘ ነው።

«እኔ ኪቦርድ እጫወታለሁ» አለች። ከደግነት ሳይሆን ጭቅጭቁ እንዲያልቅላት ነበር።

ኪቦርድ የምትጫወተው ኦክላንድ ባለው የአማርኛ ወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ነው። እዚያ አንዷ እናት ዓይኗን ጨፍና ከተቀመጠችበት ትነሣና፣ ማንንም ሳታስጠነቅቅ፣ ደስ ባላት የድምፅ ከፍታ፣ በፈለገችው ኪይ፣ መዝሙር ትጀምራለች። ኪቦርድ ተጫዋች ሮጦ ይደርስባታል፤ ካልደረሰ ሕዝቡ ዞሮ ያየዋል። ሲና በስድስት ዓመት ውስጥ ተቀድማ አታውቅም።

ስለዚህ በማግስቱ የራሷን ትንሽ ኪቦርድ ይዛ መጥታ፣ ወይዘሮ ራሚዛ የመጀመሪያውን መስመር ሲጀምሩ ሁለተኛው ቃል ሳያልቅ ያዘቻቸው። ዞረው አዩዋት።

«ማን አስተማረሽ?»

«የማይጠብቁ ሰዎች።»

ዘፈኑ ወንዝ ማዶ ላለ ሰው ሸሚዝ ስለምታጥብ ልጅ ነው። የመስመሩ መጨረሻ ላይ ወይዘሮ ራሚዛ ዝም አሉ። ሲና በሁለት ኮርድ ሞላችው። ወይዘሮ ራሚዛ ማንኪያ አንሥተው ጠረጴዛውን መቱ።

«እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ክፍት ነበር። ሞላሁት።»

«ማን ሙዪ አለሽ? እዚያ ውስጥ እኔ ነበርኩ።»

ሲና ተናደደች። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሁለት ሰከንድ ዝም ከተባለ አንዱ ማይኩን ይዞ ማስታወቂያ ይጀምራል፤ ክፍተት ማለት አደጋ ነው። ወይዘሮ ራሚዛ ግን በየቀኑ በማንኪያቸው ይጠብቋት ነበር። «አዴም ትከሻዬን ያይ ነበር» ይሏታል። «ትከሻዬ ካልተነሣ ጣቱ አይነሣም። አንቺ ግን ልጄ፣ ገና ሳልሞት ልትቀብሪኝ ትቸኩያለሽ።»

«እኔማ አሥራ አንድ ሰዓት ባቡር አለብኝ።»

«ባቡሩ ይመጣል። እኔ ነኝ ላልመጣ የምችለው።»

በልምምዱ አራተኛ ሳምንት ማንኪያው ሦስት ጊዜ ብቻ ተመታ።

የቀረው ኪቦርዱ ነው። ጥሩው የቤተ ክርስቲያኑ ነበር፤ ኃላፊው ደግሞ ክንፉ፣ የኬብሉን ቁጥር ሳይቀር በቃሉ የሚያውቅ ሰውዬ።

«እህት ሲና፣ ምን ዓይነት ፕሮግራም ነው?»

«ዘፈን።»

ክንፉ ግራ ቀኙን አየ። «ሌላ ስም ልትሰጪው ትችዪ ነበር እኮ። ባህላዊ ምሽት፣ ምናምን።»

«ልዋሽ እንዴ? ደግሞም ከሰዓት ነው።»

«ሽማግሌዎቹ ከሰሙ አንድ ወር ከመድረክ ታርፊያለሽ።»

«ዐውቃለሁ።»

«ኪቦርዱ ግን አያርፍም፤ እሁድ ጠዋት ይፈለጋል።» ራሱን አከከ። «በባቡር አንጠልጥለሽው ብትሄጂ አንድ ቁልፍ ይነቀላል። እኔው አደርስሻለሁ። ላዳምጥ አይደለም፣ ልጠብቀው ነው።»

ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሳን ሆዜው አዳራሽ ሞልቶ ነበር። በሠርጋቸው ወይዘሮ ራሚዛ የዘፈኑላቸው ሙሽሮች የራሳቸውን ልጆች ይዘው መጥተዋል። ወይዘሮ ራሚዛ የአንገታቸውን ጠባሳ በሰማያዊ ሻርፕ ሸፍነው ወጡ፤ ሳይወዛወዙ፣ እጃቸውን አጣምረው ቆሙ። ሦስቱ ዘፈኖች በሰላም አለፉ።

አራተኛው የሸሚዟ ልጅ ዘፈን ነበር። ሁለተኛው መስመር መሐል ላይ ድምፃቸው ጠፋ። አልተሰነጠቀም፣ አልሻከረም፤ ዝም ብሎ ጠፋ። አፋቸው ተከፍቶ ቀረ።

ሲና ጣቶቿ ቁልፎቹ ላይ ነበሩ። ከኋላ ግድግዳውን ተደግፎ የቆመው ክንፉ፣ ልማድ ሆኖበት፣ እንደ እሁድ እጁን በአየር ላይ አሽከረከረ፤ ሙዪ፣ ሙዪ። መሙላት ቀላል ነበር። አራት ኮርድ ብትመታ ሰዉ ያጨበጭባል፣ ወይዘሮ ራሚዛ እጅ ነሥተው ይወርዳሉ፣ ነገሩ በክብር ያልቃል። ያልቅና ያ ይሆናል መጨረሻው።

ሲና እጆቿን አንሥታ ጭኗ ላይ አስቀመጠች። የወይዘሮ ራሚዛን ትከሻ አየች።

አንድ፣ ሁለት። ወንበር ሲጥ አለ። አራት። ሕፃን አንድ ነገር ጠየቀ፣ እናቱ አፉን በእጇ ሸፈነችው። ሰባት። የፊት ረድፍ ላይ ያሉት ሽማግሌ ቆባቸውን አወለቁ። ማንም አላጨበጨበም፤ ለካ አገሬው ይህን መጠበቅ ያውቅበታል።

ትከሻው ተነሣ።

ወይዘሮ ራሚዛ የገቡት ካቆሙበት አልነበረም። ሦስት ቁልፍ ዝቅ ብለው፣ በራዲዮም በሠርግም ዘፍነውበት በማያውቁት ኪይ፣ እንደ ንግግር በቀረበ ወፍራም ድምፅ ገቡ። ማንንም አላስጠነቀቁም። ሲና ሁለተኛው ቃል ሳያልቅ ደርሳባቸው ነበር። አብረው ወንዙን ተሻገሩ፤ ሸሚዙም ታጥቦ ተሰጣ።

ከጭብጨባው በኋላ፣ ከመድረክ ጀርባ፣ ወይዘሮ ራሚዛ ሻርፑን ፈተው ፊታቸውን ጠረጉበት።

«ዝቅ ብዬ ገባሁ።»

«ሦስት ቁልፍ።»

«ሰው ሰምቷል?»

«ሁሉም ሰምቷል።»

«ጥሩ።» ውኃ ተጎነጩ። «ስንት ጠበቅሽኝ?»

ክንፉ ኪቦርዱን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ ዓይኑ ቀልቷል፣ አቧራ ነው እንዳይል አዳራሹ ንጹሕ ነው።

«እስከ ሰባት ቆጠርኩ» አለች ሲና። «ከዚያ ተውኩት።»

ወይዘሮ ራሚዛ ሳቁ። እጇን ያዙና የአሥራ አንድ ሰዓቱ ባቡር እስኪያልፍ ድረስ አልለቀቁትም።