ዱካሞና አረንጓዴው ኪልት

ዱካሞ የወንድ ሱሪ በማሳጠር የሚኖር ሰው ነው። ደቡብ አፍሪካ፣ ጆሃንስበርግ አጠገብ ባለችው ጀርሚስተን፣ ከባቡር ጣቢያው አለፍ ብሎ፣ የስልክ ሽፋን በሚሸጡ ሁለት ሱቆች መካከል አንድ የስፌት መኪናና አንድ መስታወት ይዞ ይውላል። ከሆሳዕና የመጣ ወንድ ሁሉ ለሠርግም ሆነ ለልቅሶ የሚለብሰውን ሱሪ የሚያመጣው ወደ እሱ ነው። የማን ወገብ አምና ስንት እንደነበረ፣ ዘንድሮ ስንት እንደደረሰ ልቅም አድርጎ ያውቃል፤ ግን ትንፍሽ አይልም። ምስጢር የማይጠብቅ ልብስ ሰፊ ደንበኛ አይበረክትለትም።

የራሱንም ምስጢር እንዲሁ ጠብቆ ኖሯል። ነገሩ የጀመረው አምና ነው። ፔዲ ከሚባለው የአገሩ ሕዝብ የሆኑ አንድ ሽማግሌ፣ እሁድ እሁድ ከአገራቸው ልጆች ጋር ሲጨፍሩ የሚለብሱት ኪልት ሽንሽኑ ተተርትሮባቸው አመጡለት። ዱካሞ ወንዶች እንዲህ ያለ ጉርድ ለብሰው ሲጨፍሩ አይቶ ያውቃል፤ እጁ ግን ገብቶለት አያውቅም። ፈትቶ ሲዘረጋው ጠረጴዛው አልበቃ አለው። ያ ሁሉ ሜትር ጨርቅ ከኋላ በሽንሽን ታጥፎ፣ ከፊት ዝርግ ሆኖ፣ በሁለት የቆዳ ማሰሪያ ወገብ ላይ ቁጭ ይላል። በሃያ ዓመት ሙያው እንዲህ ያለ ሥራ አልገጠመውም። ሽማግሌው ለብሰውት መስታወቱ ፊት አንዴ ዞር ሲሉ ዱካሞ ቀናባቸው፤ እንደ ልጅ ቀና።

ስለዚህ ለራሱ ሰፋ። የሽማግሌውን ዓይነት ዥጉርጉር ጨርቅ ትቶ ባለ አንድ ቀለም፣ ጥቁር አረንጓዴ የሱፍ ጨርቅ መረጠ። አራት ሳምንት ፈጀበት። ከዚያ ወዲህ ከሥራ ሲገባ በሩን ቆልፎ፣ መጋረጃውን ስቦ ይለብሰዋል። ወገቡ ቀጥ ይላል፣ እግሩ ይፈታል፣ መስታወቱ ውስጥ ያለውን ሰውዬ ይወደዋል። በር የተንኳኳ እንደሆነ ግን ሱሪው የት እንደገባ እስኪጠፋው ይደነግጣል። ደቡብ አፍሪካን ፈርቶ እንዳይመስላችሁ። ጆሃንስበርግ ማን ምን ለበሰ ብላ ጉዳይዋም አይደል። እሱ የፈራው ሆሳዕናን ነው፤ ሆሳዕና ደግሞ አምስት አገር አቋርጣ ተከትላው መጥታለች።

ኤርጎጌ ድንገት የደረሰችበት እንዲህ ለብሶ ቆሞ ሳለ ነው። ኤርጎጌ ኦሬንጅ ፋርም በሚባል ሰፈር ስፓዛ የሚሉት ትንሽ የመንደር ሱቅ ያላት፣ ባሏ የሞተባት፣ የሦስት ልጆች እናት ናት፤ ዱካሞን በሰባት ዓመት ትበልጠዋለች። ሊጋቡ ከተስማሙ ዓመት ሆኗቸዋል። ይህን የሚያውቁት ግን እነሱ ሁለቱ ብቻ ናቸው። ጊዜው ሲደርስ እንናገራለን ይላል ዱካሞ፤ ጊዜው አይደርስም። ያን ቅዳሜ ለሱቋ ዕቃ ልትገዛ ወጥታ ሳትደውል ጎራ አለች፤ እሱም ለመጀመሪያ ጊዜ በሩን መቆለፍ ረስቶ ነበር።

አልሳቀችም። ዞር ብላ ከኋላ አየችው፤ ሽንሽኑን በጣቷ ዳሰስ አደረገች።

"ያምርብሃል" አለች። "የት ነው የምትለብሰው?"

"እዚሁ።"

"እኔንስ? እኔንም እዚሁ ነው የምትደብቀኝ፣ በር ዘግተህ?"

ዱካሞ ማሰሪያውን ሊፈታ እጁን ወደ ወገቡ ሰደደ። እሷ ዓመት ሙሉ ያጠራቀመችውን ዘረገፈችው። ሰው ስለ ዕድሜዋና ስለ ልጆቿ ምን ሊል እንደሚችል ከእሱ ይልቅ እሷ እንደምታውቅ፣ የሚያስፈራት ግን የሰው አፍ ሳይሆን የእሱ ዝምታ እንደሆነ ነገረችው። ለገዛ ጨርቁ ያልቆመ ሰው ለእሷ ይቆማል ብላ ከእንግዲህ እንደማትጠብቅ፣ በነገው እሁድ የአምልኮ ጉባኤ በሰው ፊት ካልተናገረ ደግሞ ጭራሽ እንደማትጠብቀው ቁርጡን ነገረችው። ድምጿን ከፍ ሳታደርግ ነው የተናገረችው፤ የባሰውም እሱ ነው። ከዚያ ዕቃዋን ተሸክማ ወደ ታክሲው ሄደች።

ዱካሞ በራሱ ላይ እንዲህ ተናዶ አያውቅም። ይሉኝታ ሰውን ጨዋ ያደርጋል ሲባል ሰምቶ አድጓል፤ እሱን ግን ፈሪ ብቻ አደረገው። አንዲትን ሴት ዓመት ሙሉ እንደ ተሰረቀ ዕቃ መደበቅ ጨዋነት ከሆነ፣ ጨዋነት ይቅርብኝ አለ።

እሁድ ጠዋት ነጭ ሸሚዝ፣ ኪልቱን፣ እስከ ጉልበቱ የሚደርስ ጥቁር ካልሲና የተወለወለ ጫማ አድርጎ ወጣ። አንድ እግሩ ደጅ፣ አንዱ ቤት ውስጥ እንዳለ ሊመለስ ምንም አልቀረውም ነበር። ጎረቤቱ ቆሻሻ ልትጥል ወጥታ ፍጥጥ ብላ ስታየው ግን፣ ካፈርኩ አይመልሰኝ አለና መንገዱን ቀጠለ። የታክሲው ሾፌር በመስታወት አየት አድርጎት፣ "ሻርፕ፣ ባባ" አለው፤ አሪፍ ነው አባቴ ማለቱ ነው። አጠገቡ የተቀመጡት ሴትዮ ጨርቁን ነካ አድርገው ማን እንደሰፋው ጠየቁት፤ እኔ ቢላቸው ስልክ ቁጥሩን ተቀበሉት። ይህ ሁሉ ደግ ነው። ፈተናው የሚጠብቀው ግን መሃል ከተማ፣ አንድ አሮጌ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር።

ከሆሳዕና የመጡት ምእመናን እሁድ እሁድ ለአምልኮ የሚሰበሰቡት እዚያ በተከራዩት አዳራሽ ነው። አቀማመጡ እንደ አገር ቤት ነው፤ ወንዶች በግራ፣ ሴቶች በቀኝ። ዱካሞ በሩ ላይ ሲደርስ መዝሙር ተጀምሮ ነበር፤ ከኋላ ወንበር ያሉት ዞር ዞር ሲሉ መዝሙሩ እየሳሳ ሄደ። ምሕረቱ የሚባለው አስተናጋጅ፣ ካልቀለደ ቀኑ የማይመሽለት ሰው፣ ከራሱ እስከ እግሩ አየውና በወንዶቹ መተላለፊያ ላይ ተገተረ።

"ጉርድ የለበሰ በዚያ በኩል ነው" ብሎ ወደ ቀኝ አመለከተው። ከኋላ ያሉት አፋቸውን በእጃቸው ሸፍነው ሳቁ።

ምሕረቱ የጠበቀው ዱካሞ አፍሮ ደረጃውን እንዲወርድ ነው። እውነቱን ለመናገር የዱካሞ እግርም ወደ ደረጃው ዞር ማለት ጀምሮ ነበር። በዚህ መሃል ወደ ቀኝ ተመለከተ። ኤርጎጌ አራተኛው ረድፍ ላይ ናት፤ አጠገቧ ባለው ባዶ ወንበር ቦርሳዋ ተቀምጧል። ምሕረቱን አመሰገነውና ዓይኑን በጨው አጥቦ በሴቶቹ መሃል ሄደ። ኤርጎጌ ቦርሳዋን አነሳች፤ እሱም ተቀመጠ።

መዝሙሩ ጨርሶ ቆመ። የጉባኤው ሽማግሌዎች ሰብሳቢ ጋሽ ለገሠ ከመድረክ ወርደው መጡ። መጀመሪያ በለሆሳስ ቦታ እንደተሳሳተ ነገሩት። ቀጥለው ስለ ወንድና ስለ ሴት ልብስ የተጻፈውን ጠቀሱለት። ንቅንቅ ሳይል ሲያዩት ድምጻቸውን ከፍ አድርገው፣ ወይ ቤቱ ሄዶ ሱሪውን ለብሶ እንዲመጣ፣ ወይ ጉዳዩ እስኪታይ ድረስ ከጉባኤው እንዲርቅ አዘዙት።

ዱካሞ ተነሳ። የወገቡን ማሰሪያ ጠበቅ አደረገ።

"ጋሽ ለገሠ" አለ፤ "እዚህ የተቀመጠው ወንድ የለበሰውን ሱሪ ሁሉ ያሳጠርኩት እኔ ነኝ። የእርስዎንም ጭምር። ሁሉንም ገልብጬ አይቻቸዋለሁ፤ ወንድነት እዚያ ውስጥ ተሰፍቶ ቢሆን ኖሮ አገኘው ነበር።"

ከሴቶቹ በኩል አንዷ ሳቋ አመለጣት። ጋሽ ለገሠ ሳያስቡት ጎንበስ ብለው የገዛ ሱሪያቸውን አዩ። ቢሆንም በቀላሉ የሚረቱ ሰው አይደሉም፤ የልብሱ ነገር በኋላ ይታያል፣ ለጊዜው ከሴቶቹ መሃል ተነስተህ ወደ ቦታህ ሂድ አሉት።

ዓመት ሙሉ አልደርስ ያለው ጊዜ አሁን ደረሰ።

"ያስቀመጣችሁኝ እዚህ ነው" አለ ዱካሞ። "ከኤርጎጌ አጠገብ። ልንጋባ ከተስማማን ዓመታችን ነው። ፈርቼ የደበቅኳት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱም የእኔ ነው። ከእንግዲህ ግን ከአጠገቧ አልነሳም።"

በወንዶቹ በኩል ጉርምርምታ ተነሳ። የእሷን ዕድሜ የሚያሰላ አለ፤ ልጆቿን የሚቆጥር አለ። ዱካሞ አንድ በአንድ ሰማው፤ የፈራውን ያህል አልነበረም። ኤርጎጌም ሰማችው። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር፤ ወደ ወንዶቹ ወገን ቀና ብላ ጉርምርምታው እስኪበርድ ጠበቀች።

"ተቀመጥ" አለችው፣ አዳራሹ ሁሉ በሚሰማው ድምፅ። "ስትቀመጥ ደግሞ ሽንሽኑን ከኋላ ሰብስበው፤ ይጨማደድብሃል።"

ዱካሞ በሁለት እጁ ሰብስቦ ተቀመጠ።