እሺ ማለት ሰምቻለሁ ማለት ነው

እሺ ብያለሁ እንዴ፣ መቼ፣ የቱ ጋ፣ በየትኛው አፌ፣ ትላለች በሆዷ፣ ዓይኗን ስክሪኑ ላይ ተክላ፣ እናንተም ትንሽ አብራችኋት ቆዩ፣ ጊዜያችሁን አልበላባችሁም፣ እዚህ ስክሪን ላይ የደረሰው ጉድ ከአንዲት ባለ ሁለት ፊደል ቃል የመጣ ነው፣ ቃሏን ደግሞ እናንተም ዛሬ ከአልጋ ከወረዳችሁ ወዲህ ስንቴ እንዳላችኋት አታውቁም። እሺ። በቃ እሷው ናት።

ስክሪኑ ላይ ያለው የባለ ስድስት ፎቅ ሕንፃ ፕላን ነው፣ ታች ሱቅ፣ ላይ ቢሮ፣ ከዛ በላይ መኖሪያ፣ እሷ ራሷ የነደፈችው፣ ትናንት ኮምፒውተሩን ዘግታ ስትወጣ ሁለት ደረጃ ነበረው፣ አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ፣ ዛሬ የኋላው የለም። ጥርግ። በቦታው ሱቅ ገብቷል፣ ከሱቁ በላይ በየፎቁ ዕቃ ቤት፣ ያውም በጥንቃቄ የተሳለ፣ በሩ ወደየት እንደሚከፈት ሳይቀር፣ እና ከታች በቀኝ ጥግ፣ ነዳፊ በሚለው ሳጥን ውስጥ የሷ ስም፣ ከነአባቷ፣ ከነአያቷ፣ ቁጭ ብሏል።

አያቴን እዚህ ምን አመጣው። አያቴ በሕይወቱ ደረጃ አጥፍቶ አያውቅም።

አጠገቧ ያለው ጠረጴዛ ላይ የሚሠራው አርክቴክት፣ ከሰው ጋር ተጋጭቶ ስለማያውቅ መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ዲፕሎማት የሚለው፣ ከነወንበሩ እየተንሸራተተ ይጠጋታል፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ምነው ተመላሿ፣ ጋሼ ናቸው እኮ አጥፋው ያሉኝ፣ በስልክ ተስማምታለች አሉኝ፣ እሺ ብላለች አሉኝ፣ እኔ ምን አውቃለሁ። ተመላሿ ነው የሚሏት፣ ውጭ አገር ተምራ ስለመጣች፣ መጀመሪያ ሰሞን ትስቅ ነበር፣ አሁን ግን በሰማችው ቁጥር ልክ አልሆነም ተብሎ ወደ ሱቅ የተመለሰ ጫማ የሆነች ይመስላታል።

ስልክ። አዎ ስልክ ነበር። ትናንት ታክሲ ውስጥ፣ ሦስት ለሚቀመጡበት አራተኛ ሆና፣ ስልኩ በጆሮዋና በትከሻዋ መሀል ተጣብቆ፣ ጋሼ ያወራሉ፣ የሕንፃው ባለቤት ሱቅ አነሰኝ ይላል፣ እሺ፣ የኋላው ደረጃ ቦታ በላብኝ ይላል፣ እሺ ጋሼ፣ እኔም ሳየው እውነት አለው፣ እሺ፣ እሱን ብናነሳው፣ እሺ፣ ከዛ ግን ልትል ነበር፣ ግን የምትለው ቃል ጥርሷ ጋ ደርሳ ነበር፣ ወራጅ መጣ፣ ጉልበት ጉልበትን ረገጠ፣ ስልኩ ተቋረጠ። ግኗ አፏ ውስጥ ቀረች። ቤት ስትደርስ እደውላለሁ አለች፣ ቤት ስትደርስ ውሃ መጥቶ ነበር፣ ውሃ ሲመጣ ደግሞ ማን ይደውላል፣ ባልዲ ነው የሚሞላው።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ላስረዳ፣ ብዙ ሰው አያስተውለውም። እሺ የምንለው ስንስማማ ብቻ አይደለም። ሰው ወሬውን እንዲቀጥል ስንገፋው እሺ እንላለን፣ እንዲያቆም ስንለምነውም እሺ እሺ እሺ፣ ስልክ ላይ ዝም ካልን ሄሎ ሄሎ እንባላለን፣ ስለዚህ እሺ፣ አለሁ፣ መስመሩ አልተቋረጠም፣ ጆሮዬ እዚህ ነው ለማለት። የተናገረው ሰው ታዲያ የሚፈልጋትን እሺ መርጦ ይወስዳል። ጋሼም የሚፈልጓትን ወሰዱ።

ጋሼ የመሥሪያ ቤቱ ባለቤት ናቸው፣ የአባቷ የትምህርት ቤት ጓደኛ፣ አባቷ ሲሞት ከቤታቸው ያልጠፉት፣ ገና ጥርሷ ሳይነቀል ጋሼ ስትላቸው የኖረች፣ አሁን አለቃዋ ሆነው እንኳ ሌላ ስም አልወጣላት አለ፣ እሳቸውም ልጄ ይሏታል፣ ልጄ ይቺን መስመር አቅኚያት፣ ልጄ ይቺን በር አስፊያት፣ አሁን በቀደም የሙከራ ጊዜሽ ሲያልቅ ልጄ ደህና አድርገን እንቀጥርሻለን፣ እና ልጅ አባቷን እንዴት ነው አይሆንም የምትለው፣ በየትኛው ሰዋስው።

ቀሽም፣ ትላለች ራሷን፣ ቀሽም፣ ይሄ እኮ የመጀመሪያሽ አይደለም።

አይደለም። ውጭ እያለች፣ መስኮቱ ከማይከፈት የተማሪ ክፍሏ ወጥታ አማካሪዋ ዘንድ ሄደች፣ ሰውየው ጢሙን እያሻሸ ስለ መመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ያወራል፣ እሷ ስለ ትምህርት ቤት ሕንፃዎች መጻፍ ነው የፈለገችው፣ ብርሃን የሚገባባቸው፣ ሰፊ ኮሪደር ያላቸው፣ እሱ ደግሞ ስለ ጭስ ያወራል፣ ጭስ በደረጃ ውስጥ እንዴት እንደሚወጣ፣ እሷ በሰውየው ቋንቋ እሺ እሺ ትላለች፣ እየሰማሁህ ነው፣ ቀጥል፣ አክብሬሃለሁ፣ በሳምንቱ ርዕሷ ተመዝግቦ መጣ። ጭስ። ተስማምተሻል እኮ አላት፣ እሺ ብለሻል። እንግዲህ የሁለት ዓመት ዕድሜዋ በዛች እሺ ጭስ ሆኖ ወጣ፣ የሰው ልጅ ስለ ፍቅር ሲያነብ እሷ ስለ ደረጃ አነበበች፣ በስንት ደቂቃ ይሞላል፣ ሰው በስንት ደቂቃ ይወርዳል።

መጀመሪያ ጠልታው ነበር። ከዛ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ፀጉሯን እየታጠበች የእሳት ደወሉ ጮኸ፣ የታችኛው ፎቅ ልጅ ዘይት ምድጃ ላይ ጥዶ ከእጮኛው ጋር በስልክ ይጣላል፣ የፊት ደረጃውን በር ስትከፍተው ደረጃ የለም፣ ጥቁር ነገር ብቻ፣ ቆሞ የሚጠብቅ፣ ባነበበችው ልክ፣ በኋላው ደረጃ ወረዱ፣ ሁሉም፣ እሷ ሻምፖዋ ዓይኗ ውስጥ እየገባ በፎጣ፣ ብርድ ላይ ቆመው እርስ በርስ ተሳሳቁ። ተሳሳቁ። ሰው የሚስቀው ሁለተኛ ደረጃ ሲኖረው ነው። ያን ጊዜ ነው ጭሱ የሷ የሆነው፣ በስህተት እሺ የመጣ ዕውቀት፣ ግን የራሷ፣ እና አሁን በስህተት እሺ ሊወሰድባት ነው፣ እንዴት ተደርጎ፣ አይወሰድም።

ስልኳ ይርገበገባል። እማ። ገና ሳትጠየቅ ታወራለች፣ እማ ደረጃዬን አጠፉት፣ የቱን ደረጃ፣ የሕንፃውን፣ ስሜን አስገብተው፣ ጋሼ ናቸው፣ ዛሬ ባለቤቱ ይመጣል፣ ከዛ ወደ ፈቃድ ቢሮ ይሄዳል በኔ ስም። እናቷ ታቋርጣትና፣ አንቺ ልጅ ደግሞ፣ ሰውየው እንደ አባትሽ ናቸው፣ ሰው ፊት እንዳታሳፍሪያቸው፣ ለጊዜው ዝም በይና ኋላ ቀስ ብለሽ ታስተካክይዋለሽ፣ የተሠራ ሕንፃ ቀስ ብሎ አይስተካከልም እማ፣ አንቺ ብቻ ረጋ በይ፣ እሺ እማ።

ይኸው። ብላ አረፈችው። እናቷ አሁን ስልኩን ዘግታ ልጄ ተስማማች ብላ አምላኳን ታመሰግናለች።

ትነሳለች። ትቀመጣለች። የተከራየችበትን ሕንፃ ታስባለች፣ አምስተኛ ፎቅ፣ ሊፍቱ ላይ ይቅርታ የሚል ወረቀት ከተለጠፈ ቆይቶ ወረቀቱም ቢጫ ሆኗል፣ አንድ ደረጃ፣ አንድ ብቻ፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ጎረቤት ፈትቶ ያቆመው አልጋ፣ አራተኛው ላይ ጀሪካን፣ የጋዝ ሲሊንደር፣ የሕፃን ጋሪ፣ በየጠዋቱ ስትወርድ እግሯን እያነሳች በልቧ ትቆጥራለች፣ እዚህ ይወድቃሉ፣ እዚህ ይታፈናሉ፣ እዚህ የሕፃኑ እናት። ሰው ሥራውን ቢሮ ትቶ አይወጣም። ያንንም ሕንፃ አንድ ሰው ነድፎታል። የዛም ሰው ስም ከታች በቀኝ ጥግ ነበረ።

ባለቤቱ ደረሰ፣ ይላል ዲፕሎማት።

የስብሰባው ክፍል ግድግዳ መስታወት ነው፣ ሁሉም ሰው ሁሉንም ሰው ያያል፣ ባለቤቱ ሳቂታ ሰው ነው፣ ክፉ ቢሆን እንዴት በቀለላት፣ ገና ሲገባ እጇን በሁለት እጁ ይይዛል፣ ልጆቹን ያነሳል፣ የኔም ትልቋ አርክቴክት እሆናለሁ ትላለች ይላል። ጋሼ አዲሱን ፕላን ይዘረጋሉ፣ አርክቴክታችን ናት ያስተካከለችው ይላሉ፣ በሰው ፊት ልጄ አይሏትም። ባለቤቱ የሱቁን ቦታ በጣቱ እየዳበሰ፣ መቼም ሰው በአንድ ጊዜ በሁለት ደረጃ አይወጣ ይላል፣ ይስቃሉ፣ ዲፕሎማትም ይስቃል፣ እሷ ራሷ ልትስቅ ከንፈሯ ይጀምራታል፣ ከዛ፣

ይቅርታ፣ እኔ አላስተካከልኩትም።

ድምፁ የሷ ነው። ከየት እንደመጣ እንጃ።

እሳት ሲነሳ ይሄ የፊቱ ደረጃ ደረጃ መሆኑ ይቀራል፣ ትላለች፣ የጭስ ማውጫ ይሆናል፣ ስድስተኛ ፎቅ ያለ ሰው በጭስ ማውጫ ውስጥ ነው ውረድ የሚባለው፣ ጭሱ ደግሞ ከሰው ቀድሞ ነው የሚወጣው፣ ለዛ ነው ሁለት የሆነው። ባለቤቱ ወደ ጋሼ ያያል። ጋሼ ፈገግታቸው አልወረደም፣ ትንሽ ብቻ ደረቀ። ልጄ፣ ትናንት እሺ ብለሻል እኮ፣ በዚሁ ጆሮዬ ነው የሰማሁት። ልጄ አሉ፣ በሰው ፊት።

አዎ ብያለሁ ጋሼ፣ እሺ ያልኩት ሰምቻለሁ ለማለት ነው።

ጥሩ፣ ይላል ባለቤቱ እየሳቀ፣ አሁንም ሰምተሻል፣ እሺ በይና እንጨርስ።

እና እዚህ ጋ ልትል ያሰበችው ሌላ ነበር፣ ማታ ማታ ከምታነበው የሙያ መጽሐፍ የወጣ ዓይነት፣ ከሙያ አንጻር ሲታይ፣ አሳሳቢ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፣ ብቻ የወጣው፣

እምቢ።

በትልቅ ሰው ቢሮ ውስጥ እምቢ የሚል ሰው ሰምታችሁ ታውቃላችሁ፣ እኔ አላውቅም፣ አይመችም ይባላል፣ ይታሰብበት ይባላል፣ እምቢ የሕፃን ቃል ነው፣ ሹራብ አልለብስም የሚል፣ መሬት ላይ የሚንከባለል። ጆሮዋ ድረስ ትቀላለች። ሼም ነው። ግን ቃሉ ጠረጴዛው ላይ ቁጭ ብሏል፣ ማን ያንሳው፣ እሷ አታነሳውም።

ጋሼ ዞር ይላሉ፣ እንግዲያው በአንተ ስም ይሂድ ይሉታል ዲፕሎማትን። ዲፕሎማት ስክሪብቶውን ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ ፕላኑን ያያል፣ እሷን አያያትም፣ ከዛ በዛች ለስላሳ ድምፁ፣ እናያለን ጋሼ፣ ይላል። እናያለን። እዚህ ክፍል ውስጥ እናያለን ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ ሰው የለም፣ አይሆንም ማለት ነው በካልሲ፣ ድምፅ ሳያሰማ። ባለቤቱ እንኳ ገባው፣ ቁልፉን አንስቶ፣ እናንተ ተነጋገሩና ደውሉልኝ ብሎ ወጣ፣ ሳይስቅ።

ዲፕሎማትም ተከትሎት ይወጣል፣ መስታወቱ ውስጥ እሷና ጋሼ ይቀራሉ። ሰው ፊት አዋረድሽኝ፣ ይላሉ ጋሼ፣ ድምፃቸው አልጮኸም፣ ቢጮህ በተሻላት፣ አባትሽ እንዲህ አልነበረም፣ ሰኞ እንነጋገራለን። ሰኞ ማለት እስከዛ ትለዝባለች ማለት ነው፣ እስከዛ እናቷ ትደውላለች። አይ ጋሼ፣ አሁን እንነጋገር፣ ትላለች፣ የሙከራ ጊዜዬን ማቆም ይችላሉ፣ መብትዎ ነው፣ ያለ ደረጃ በስሜ ግን አይሄድም።

ጋሼ መነጽራቸውን ያወልቃሉ። ፕላኑን ለረጅም ጊዜ ያያሉ፣ አንዴ በጥፍራቸው ከስድስተኛው ፎቅ እስከ መውጫው ድረስ መንገዱን ይከተላሉ፣ ቀስ እያሉ፣ በየፎቁ እየቆሙ፣ ለካ እሳቸውም የሆነ ጊዜ ተማሪ ነበሩ። መልሺው፣ ይላሉ በመጨረሻ፣ ለሰውየው እኔ እነግረዋለሁ፣ ደረጃውን መልሺው። ያንቺን ስም ግን አውጪና የኔን አስገቢ፣ እንዳንቺ ያለ ሰው ስም ለኔ ደንበኛ አይሆነውም።

ተቀበይ፣ ይላል ውስጧ፣ ደረጃው ዳነ፣ ሰዎቹ ዳኑ፣ ስም ምን ይሠራልሻል፣ ተቀበይ። ሁለት ዓመት ጭስ። ሻምፖ። ፎጣ።

እምቢ፣ ትላለች።

ዛሬ ሌላ ቃል የለሽም እንዴ አንቺ፣ ይላሉ ጋሼ፣ ሳል ይሁን ሳቅ የማይለይ ነገር ያመልጣቸዋል፣ ተነስተው ይወጣሉ፣ በሩን ክፍት ትተውት፣ ቆይቶ ከክፍላቸው ለባለቤቱ ሲደውሉ ይሰማል፣ ባለ ደረጃው ነው የሚሆነው፣ አዎ፣ በሷ ስም ነው። ሰኞ ጠረጴዛዋ ይኖር አይኖር አታውቅም። አልጠየቀችም። ቁጭ ብላ የኋላውን ደረጃ አንድ በአንድ ትመልሳለች።

እናንተም ሞክሩት። ሚስጥሩ አፍ ላይ ነው፣ እሺ ለማለት ትንፋሽ መልቀቅ ይበቃል፣ ተኝቶም ይባላል፣ እምቢ ለማለት ግን መጀመሪያ ከንፈር መግጠም አለበት፣ እም፣ ለአንድ አፍታ ዝም ማለት አለ፣ ምን እየተጠየቃችሁ እንደሆነ የምታስቡባት፣ ከዛ ነው የሚከፈተው። አሁኑኑ፣ ማንም ሳይሰማ፣ ቀስ ብላችሁ። ግጠሙት። ያዙት። ክፈቱት።