ለእኔ ሲሆን የማይዞር ሥጋ

ሦስት ዓመት ሙሉ ሙያ የሌላት ሴት ሆኜ ኖሬአለሁ። ፊት ለፊት ያለኝ ሰው የለም፤ ቢሉኝማ መልስ አላጣም ነበር። የባሌ ዘመዶች ቤቴ መጥተው ሲበሉ አንዲት ቁራጭ ሥጋ ከአንዱ ጉንጫቸው ወደ ሌላው ስትመላለስ አያለሁ። ከዚያ ውኃ ይጠይቃሉ። ከዚያ ድንቹን ያመሰግናሉ። ሥጋ አቅርባ በድንቿ የተመሰገነች ሴት ሌላ ስድብ አያስፈልጋትም።

አማቴ ደግሞ ከንፈሯን እየመጠጠች፣ "አይዞሽ ሙሽሪት፣ ቀስ እያልሽ ትለምጂዋለሽ" ትለኛለች። ፊት ለፊት አንቱ ነው የምላት፤ እዚህ ግን አንጀቴ እንዳረረ ነውና አንቱታው አልወጣ ብሎኛል። ሦስት ዓመቴ ነው፣ እስካሁን ሙሽሪት ነኝ። ልጇ፣ ማለትም ባሌ፣ ከሥራ ሲወጣ በእናቱ ቤት በኩል ያልፋል። "ትንሽ ቀመስኩ" ይልና ሆዱን ነፍቶ ይመጣል። የኔን ሳቀርብለት ሁለት ጊዜ ጎረስ አድርጎ "ደህና ነው" ይላል። ደህና ነው! ጉንፋን የያዘውን ሰው ሲጠይቁት ነው ደህና ነው የሚባለው።

ያልሞከርኩት ነገር የለም። ከጠዋት ጀምሬ ቀቀልኩት፣ እሳት ቀነስኩ፣ እሳት ጨመርኩ፣ በሎሚ ዘፈዘፍኩት፣ ጎረቤት "ምን እየሠራችሁ ነው?" ብሎ እስኪመጣ ድረስ በመዶሻ ደበደብኩት። ሥጋው ግን የጫማ ሶል ሆኖ ይወጣል። አማቴ ከዚያው ሉካንዳ፣ ከዚያው ሰውዬ፣ ያንኑ ሽንጥ ገዝታ ስትሠራው ሹካ ሲነካው ይፈርሳል። ሥጋው አንድ፣ ሻጩ አንድ፤ የተለየው እጅ ብቻ ነው። ስለዚህ የገዛ እጆቼን ጠላኋቸው። ከልጅነቴ ጀምሮ ልብስ ሲሰፉ ኖረዋል፤ አንድም ሰው ስፌትሽ ጠመመ ብሎኝ አያውቅም። ማድቤት ሲገቡ ግን አፈርኩባቸው።

ባለ ሉካንዳውን ሰፈርተኛው ምላጭ ነው የሚለው። ስሙ የቢላዋው ብቻ አይደለም፣ የዓይኑም ነው። ሥጋውን በአውራ ጣቱ ጫን አድርጎ ተመልሶ መነሳቱን ያያል፤ ስቡ ነጭ ይሁን ቢጫ፣ ቀለሙ ደማቅ ይሁን የጠቆረ አንድ ጊዜ ቃኝቶ የትኛው ለመረቅ፣ የትኛው ለመጥበሻ እንደሚሆን ይነግርሃል። ለታመመ ሰው ቅልጥም ያለበትን አጥንት ራሱ ይመርጣል። ሰው ከሌላ ሰፈር ድረስ የሚመጣው ለእሱ ሲል ነው። እኔም ሦስት ዓመት ሙሉ በር ላይ ቆሜ "ጋሼ፣ ለስለስ ያለውን" ስለው ኖሬአለሁ። "ላንቺማ ምርጡን፣ የኔ ልጅ" ብሎ ጀርባውን ሰጥቶኝ ይቆርጣል፣ በፍጥነት ይጠቀልላል፣ ይመርቀኛል።

በዚህ ሳምንት ግን ነገሩ ሌላ ነበር። አባቴ ሊመጣ ነው። ከተዳርኩ ወዲህ ቤቴን አይቶት አያውቅም፤ መንገዱ ሩቅ ነው፣ ጉልበቱም እሺ አይለውም። ጥርሱም አልቋል። "የቀሩት ለወሬ እንጂ ለሥጋ አይሆኑም" እያለ ይስቅባቸዋል። አማቴ መምጣቱን እንደሰማች ባሌን ጠርታ፣ "ለአባቷ እኔ ቤት ይሰናዳ፤ ሰውዬው መንገድ መትቶት መጥቶ ይራብ እንዴ?" አለችው። ባሌም መልእክቱን እንደ ደህና ዜና ይዞልኝ መጣ። አባቴ የልጁን ቤት ለማየት መጥቶ በሰው ማዕድ ሊበላ ነው! ልጁ ሙያ የላትም ተብሎ ሊነገረው! "አባቴ የሚበላው እኔ ቤት ነው፤ የሠራሁትን ነው" ብዬ ነገሩን ዘጋሁት። ከዘጋሁት በኋላ ግን ፍርሃት ያዘኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ሉካንዳው ጢም ብሎ ሞልቷል። ሰልፉ ገፍቶ ገፍቶ ከመስታወቱ ወዲያ፣ የመቁረጫው ግንድ አጠገብ፣ ከግድግዳው ጋር አጣበቀኝ። ከዚያ ቦታ ቆሜ አላውቅም። ከፊቴ ያለችው ነጭ ጋውኗን ሳታወልቅ የመጣች ነርስ ናት። ሽንጥ ጠየቀች። ምላጭ ሥጋውን ከመንጠቆው አውርዶ ግንዱ ላይ አጋደመ፣ ቢላዋውን ሞረዱ ላይ ሁለቴ አሻሸ፣ ሥጋውን ዞር አደረገና መቁረጥ ጀመረ።

ልብስ ሰፊ ነኝ ብያለሁ። ጨርቅ ክር አለው፤ ክሩ የሚሄድበትን አቅጣጫ ሳያይ መቀስ የሚያነሳ ሰው ጨርቅ ያበላሻል። ሥጋም ለካ ክር አለው። ምላጭ ሥጋውን ያዞረው ክሩን አቋርጦ ለመቁረጥ ነው። ከቢላዋው ሥር የሚወድቀው ቁራጭ ክሩ አጫጭር ሆኖ፣ ገና ሳይበስል ሊበታተን የደረሰ ይመስላል። ቆንጆ ሥራ ነው፣ አየሁና ደስ አለኝ።

ተራዬ ደረሰ። "ሽንጥ፣ ጋሼ። አባቴ ሊመጣ ነው" አልኩት። ያንኑ ሽንጥ መልሶ አጋደመው። እጁ በልማዱ ሥጋውን ዞር አደረገው። ከዚያ ቀና አለ፣ እኔ መሆኔን አየ፣ ሥጋውን ወደነበረበት መለሰው። በክሩ ርዝመት፣ ቁልቁል፣ ገመድ ገመድ አድርጎ መቁረጥ ጀመረ።

"ቆይ!" አልኩት።

"አቤት?"

"ለምን መለሱት? ለእሷ አዙረው ነበር የቆረጡላት።"

"የቱን?"

"ሥጋውን ነዋ! አሁን አዙረውት አልነበር? እኔን ሲያዩኝ ለምን መለሱት?"

ሳቅ ሊል ሞከረ። "አይ የኔ ልጅ፣ ያው ነው እኮ…"

"ያው ከሆነ ያዙሩታ!"

ቢላዋውን ይዞ ቀረ። ያኔ ሌላም ነገር ትዝ አለኝ። ዶሮ ስገዛ ሁልጊዜ፣ "እንዳትደክሚ እግሯን ቆርጬልሻለሁ" ይለኛል። ግንዱ ጫፍ ላይ የተደረደሩትን የታረዱ ዶሮዎች አየሁ። ሁሉም እግር አላቸው። አንዷ ብቻ ጎን ላይ ተለይታ፣ እግሯ ተቆርጦ ተቀምጣለች። የዶሮ ዕድሜ ደግሞ የሚታወቀው በእግሯ ቅርፊት ነው። እጄን ዘርግቼ አነሳኋት። የደረቷን አጥንት ጫፍ ጫን ስለው ንቅንቅ አላለም፤ ድንጋይ ነው። ሌላዋን ነካሁ። ጫፉ እንደ ጆሮ ተለመጠ።

"ይቺ አሮጊት የማን ናት?" አልኩ። ድምፄ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ። "የኔ ናት፣ አይደል? ለኔ ነው ያስቀመጥካት!"

አንቱታው እዚያ ጋ አለቀ።

ምላጭ ላቡን በክንዱ ጠረገ። "አማትሽ ናቸው" አለ ዝቅ ብሎ፤ ግን ሰልፉ ጆሮውን አቁሞ ስለነበር ሁሉም ሰማው። "እንደተጋባችሁ መጡና፣ 'ልጄ የሚስቱ እጅ ከጣፈጠው ደጄን አይረግጥም፤ ብቻዬን ቀረሁ' አሉኝ። አለቀሱብኝ። ምን ላድርግ? አሳዘኑኝ። ደግሞ ከዶሮዋ በቀር አንድም ቀን መጥፎ ሥጋ አልሸጥኩልሽም! ሁሉም አንደኛ ነው። አቆራረጡ ብቻ ነው።"

አቆራረጡ ብቻ ነው! ይህን ሲል ኮራ ለማለት ቃጣው እኮ። ደሜ ፈላ። ክፉ ሥጋ ሸጦልኝ ቢሆን ሌባ ብዬ ሰድቤው እወጣ ነበር። ይሄ ግን ሙያውን፣ ያን ሁሉ ዘመን የተማረውን እጁን፣ የኔን እጅ ለማዋረድ ተጠቀመበት። ከበሬው ምርጡን ቦታ አውርዶ፣ በንጹሕ ቢላዋ፣ በጥንቃቄ አበላሸልኝ፤ ከዚያ መረቀኝ።

"እሷ ስታለቅስ አሳዘነችህ፤ እኔ በየሳምንቱ 'ለስለስ ያለውን' እያልኩ ስለምንህስ?"

ከኋላዬ አንዲት ወፍራም ሴት ሰልፉን ሰንጥቃ መጣች። "አንተ፣ የኔ አማትስ እዚህ መጥታ ነበር?" ሌላዋ ደግሞ ቅድም የተጠቀለለላትን ፈትታ ክሩን በብርሃን ማየት ጀመረች። አንድ ሰውዬ፣ "እኔስ ያገባሁት ወላጅ አልባ ነው፤ ተመስገን" አለ። ሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

"ቁረጥ" አልኩት። "አዙረህ።"

አዙሮ ቆረጠ። እያንዳንዱን ቁራጭ አየሁ። ዶሮዋን ራሴ መረጥኩ፣ የደረቷን አጥንት ነካክቼ፣ የእግሯን ቅርፊት አይቼ፣ ከነእግሯ። ጠቅልሎ ሲሰጠኝ እንደ ልማዱ አልመረቀኝም፤ አላዘንኩለትም።

ለባሌ ምንም አልነገርኩትም። ቤት እስክደርስ እሳት ጎርሼ ነው የተጓዝኩት፤ በሩን ስከፍት ግን ዋጥኩት። እናቱ ናት። አንዲት እናት ናት ያለችው። እንዲህ ዓይነት ነገር ስለ እናቱ መስማት ልቡን ይሰብረዋል ብዬ አሰብኩ። አባቴ ይብላ፣ ይሂድ፣ ከዚያ ቀስ ብዬ፣ አለዝቤ እነግረዋለሁ አልኩ። አይ እኔ! ላዝንለት ቃል ስመርጥ አደርኩ።

እሁድ ቀን አባቴ ከጠረጴዛው ራስ ተቀመጠ። አማቴ ድስት አቅፋ መጣች። "ለአባትሽ ጥርስ ብዬ ነው ሙሽሪት፤ እንዳይቸገሩ" አለች፣ እሱ እየሰማ። "እግዚአብሔር ይስጥልን" ብዬ ተቀበልኳትና ክዳኑን ሳልከፍት ማድቤት ወስጄ መሬት ላይ አስቀመጥኩት። የኔን አቀረብኩ።

አባቴ የመጀመሪያዋን ጎረሰ። ዓይኔን ከአፉ ላይ መንቀል አቃተኝ። አላመጠ፣ ዋጠ፣ ምንም ሳይል ሌላ ጎረሰ። ከዚያ ሌላ። ውኃ አልጠየቀም። ድንቹን የነካውም የለም። አማቴ አንድ ጊዜ ቀመሰችና ሹካዋን አስቀምጣ የጎሪጥ አየችኝ። እኔም አየኋት። ሦስት ዓመት የጎበጠ ጀርባዬ ቀና ሲል ተሰማኝ።

ባሌ መጨረሻ ላይ ጎረሰ። ቅንድቡ ወደ ላይ ወጣ። ደግሞ ጎረሰ። ከዚያ ዞሮ ያየው እኔን አይደለም። እናቱን አይቶ፣ አፉ እንደሞላ፣ ሳቅ ብሎ፣

"እማዬ፣ ሰውዬውን ተው አልሽው እንዴ?" አለ።

እሱ ራሱ የተናገረው ጆሮው ላይ የደረሰው ዘግይቶ ነው። ማላመጡን አቆመ።

"ታውቅ ነበር" አልኩ።

"ቀልዴን እኮ ነው…"

"ታውቅ ነበር!"

"ትንሽ ሰምቼ ነበር" አለ። "ያኔ፣ መጀመሪያ ላይ። እሷን ደስ ካላት ምን አለበት ብዬ ነው። አንቺን ምን ጎዳሁሽ? ያቀረብሽልኝን አልበላሁም? አንድ ቀን ከፍቶኝ ያውቃል?"

አማቴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። "ብቻዬን ስበላ አይወርድልኝም" አለች። እውነቷን ነው፤ እውነት መሆኑ ደግሞ ይብስ አናደደኝ። ለምን "ኑ፣ አብረን እንብላ" አላለችም? ቤቴ ወንበር ጠፍቶ ነው?

ለእሷ ግን ቃል አላባከንኩም። "እርስዎን በኋላ" አልኳትና ወደ ባሌ ዞርኩ። አምና፣ ማድቤት ተቀምጬ ሳለቅስ ያገኘኝ ጊዜ፣ በማግስቱ አዲስ ድስት ገዝቶልኝ መጥቶ ነበር። ውድ ድስት። "ምናልባት ድስቱ ይሆናል ችግሩ" አለኝ። አቅፌው ስሜዋለሁ።

"ድስት ገዛህልኝ" አልኩት። "እያወቅክ፣ ዓይንህን በጨው አጥበህ፣ ድስት ገዛህልኝ! እኔ እጄን እየረገምኩ ሳለቅስ አንተ እናትህ ቤት በልተህ ጠግበህ ትመጣና ደህና ነው ትለኛለህ!"

"አባትሽ ፊት ይሄን…"

"አባቴ ፊት ነዋ! የት ልበለው?"

ሳህኑን ከፊቱ አነሳሁት። ሹካው እጁ ላይ ቀረ። "የእናትህ ድስት ማድቤት ነው" አልኩት። "ይዘኸው ሂድ።"

"ወዴት?"

"ከሥራ ስትወጣ ወደምትሄድበት።"

ሳህኑን ይዤ ቆሜያለሁ፤ መረቁ ጣቴ ላይ ይፈሳል። ማንም አልተነሳም። አባቴ አፉን ጠረገ፣ ባሌን በደንብ አየው፣ ከዚያ ከፊቱ ያለውን ባዶ ሳህን ገፋ አድርጎ ቦታ አበጀ።

"ልጄ፣ የሱን ወዲህ አምጪው፤ ይቀዘቅዛል" አለ።

አመጣሁለት።