ዶኛ ኒዬቬስ በሬዲዮ የተናገሩት

ዶኛ ኒዬቬስ ኪስበርት የመጀመሪያ ፊልማቸውን የሠሩት ሠርግ ከሚቀርጽ አንድ ሰው በተዋሱት ካሜራ ነው። ያን ጊዜ ሴት ካሜራ ተሸክማ ስትታይ ሰው መንገድ ላይ ቆሞ ይስቅ ነበር። ከዚያ ወዲህ ዕድሜያቸውን ሙሉ አለቃም፣ ቢሮም፣ ባልም ሳይኖራቸው ሲሠሩ ኖሩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ኤል አልቶ ከተማ በሚገኘው የሸክላ ቤታቸው ምድር ቤት ውስጥ ለፊልም የጓጓን ሴቶች ሰብስበው ያስተምሩን ነበር። እኔ ሮሴንዳ ከእናቴ ጋር ገበያ ላይ ጭማቂ ስሸጥ አግኝተውኝ፣ “አንቺ ልጅ፣ ጆሮሽ ንቁ ነው” ብለው ማይክ አስያዙኝ። ድምፅ ቀጂ ሆኜ የቀረሁት በሳቸው ምክንያት ነው።

ሁለት ነገር ላይ ድርድር አያውቁም ነበር። ያልሆነውን ሆነ ብሎ ማሳየት አይቻልም። ፊልሙ ሲያልቅ ደግሞ መጀመሪያ የሚያየው የተቀረጸው ሰው ነው፤ ከሌላው ሁሉ በፊት።

ከተማሪዎቻቸው ሁሉ የሚሳሱት ለዴልፊና ታርኪ ነበር። ዴልፊና የቪልካሩማ ልጅ ናት። ቪልካሩማ ከኦሩሮ ከተማ ወዲያ፣ ተራራ ሥር የተለጠፈች የቆርቆሮ ማዕድን መንደር ናት። አባቷ እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ናዳ ተጭኖት ሞቷል። የመጀመሪያ ፊልሟን ስለ መንደሯ መበለቶች ልሥራ ስትል ዶኛ ኒዬቬስ ደስ አላቸው፤ ዝርዝሩን ሲሰሙ ግን ሰጉ።

በእኛ አገር ሴት ጉድጓድ ከገባች ማዕድኑ ይሸሻል ይባላል። ወንዶቹ ይህን የሚያወሩት እንደ ቀልድ አይደለም። የቪልካሩማ መበለቶች ግን የሚበሉት ሲያጡ፣ ወንዶቹ በሚያርፉበት ቀን በተተወው አሮጌ በር እየገቡ መቆፈር ከጀመሩ ቆይተዋል። ከነሱ አንዷ የዴልፊና አክስት ባሲሊያ ናት። ዴልፊናና እኔ ተከትለናቸው ገባን፤ እየዳኸን ቀረጽን። ዶኛ ኒዬቬስ “ፊት እንዳይታይ” ብለው አጥብቀው ስላዘዙን ፊልሙ ላይ ያሉት የራስ መብራት፣ እጅ፣ ትንፋሽና ወሬ ብቻ ናቸው። ድምፃቸውንም እኔ ትንሽ አወፍሬዋለሁ።

ፊልሙ ሲያልቅ ዴልፊና መንደሯ ውስጥ ማሳየቱን ፈራችው።

“ዶኛ ኒዬቬስ፣ በመጀመሪያ ሌላ ቦታ ይታይ። እነዚህን ሰዎች እርስዎ አያውቋቸውም።”

“ልጄ፣ የሰው ቤት ገብተሽ ቀርጸሽ፣ እነሱ ሳያዩት ለባዕድ ልታሳዪ ነው?”

“መበለቶቹ ይዩት እሺ። ወንዶቹ ግን…”

“መበለቶቹን ጠይቂያቸው።”

ጠየቀቻቸው። ባሲሊያ፣ “ፊታችን ካልታየ ይዩት። ምናልባት ያፍሩ ይሆናል” አለች። ሌሎቹም ተስማሙ። በዚሁ ተቆረጠ።

እሁድ ከሰዓት፣ የኳስ ግጥሚያው እንዳለቀ፣ የማዕድን ማኅበሩ አዳራሽ ጢም ብሎ ሞላ። መጀመሪያ ላይ ሁሉም ይስቅ ነበር፤ የራሳቸውን ሜዳ፣ የራሳቸውን ጎዳና፣ የአንዱን ሰካራም አጎት እያዩ ይፎጋገራሉ። ካሜራው አሮጌው በር ውስጥ ሲገባ ሳቁ ቆመ። ከጨለማው ውስጥ የሴት ድምፅ፣ “ቀስ በይ፣ እህቴ፣ ድንጋዩ ልቅ ነው” ሲል፣ አንድ ሰው ተነሥቶ የፕሮጀክተሩን ገመድ ነቀለው።

የማኅበሩ ሊቀ መንበር ዶን ኢላሪዮን ወደ ፊት መጣ። ግዙፍ ሰው ነው፤ ሲናገር ግን ድምፁን ከፍ አያደርግም። የዴልፊና የክርስትና አባት ነው።

“ልጄ፣ እነዚህ እነማን ናቸው?”

ዴልፊና የተነቀለውን ገመድ አንሥታ መጠቅለል ጀመረች።

“ዘንድሮ የማዕድኑ ሥር እየቀጠነብን ሌት ተቀን ስንፈልግ ሰንብተናል። ለካ ከጀርባችን ሴት እየገባች ነው! እነማን ናቸው ነው የምልሽ?”

ከኋላ “ስም! ስም!” እያሉ ጮኹ። አዳራሹ ውስጥ የነበሩትን የመንደሩን ሴቶች ገፍተው አስወጧቸው። ስልካችንን ተቀበሉን፤ የመኪናችንን ጎማ አስተነፈሱት፤ በሩን በሰንሰለት ቆለፉት። ወዲያው ደጅ ላይ ድማሚት አፈነዱ። እንዲያ የሚያደርጉት የምራቸውን መሆኑን ለማሳወቅ ነው። የጣሪያው ቆርቆሮ ለብዙ ጊዜ ሲንቀጠቀጥ ይሰማኝ ነበር።

እንዲህ ሆነን ዶኛ ኒዬቬስ፣ ዴልፊናና እኔ እዚያ አዳራሽ ውስጥ ቀረን። መስኮቶቹ ከላይ ናቸው፤ ፍርግርግ አላቸው። ብርዱ ከሲሚንቶው ተነሥቶ አጥንት ውስጥ ይገባል። አንድ ባልዲ ሰጡን፤ እሱንም ጥግ ላይ በፕሮጀክተሩ ሸራ ጋርደን ተጠቀምንበት። ጠባቂዎቹ የሚያመነዥኩትን የኮካ ቅጠል ጉንጫቸው ውስጥ ወትፈው በየተራ በሩ ላይ ይቀመጣሉ። በየጊዜው አንዱ ብቅ ይልና፣ “ስም ከሰጣችሁ አሁኑኑ ትሄዳላችሁ” ይላል። ዶኛ ኒዬቬስም፣ “እንግዲያው ወንበር ጨምሩልን” ይሉታል።

ምግብ እንድታመጣ የተፈቀደላት ባሲሊያ ብቻ ናት፤ የዴልፊና አክስት ስለሆነች። በማግስቱ የድንች ሾርባ በድስት ይዛ ስትገባ ጠባቂው አብሯት ገባ። ስትቀዳ ማንኪያው ከሳህኑ ጋር ይጋጭ ጀመር።

“ምን ሆነሽ ነው የምትንቀጠቀጪው?” አላት ጠባቂው።

“ብርዱ ነዋ! አንተ ኮካህን እያመነዠክህ እንዴት ይሰማህ?”

ጠባቂው ሳቀ። ባሲሊያ ግን ቀና ሳትል፣ ለዴልፊና የምታወራ መስላ፣ “ብዪ፣ ሳይቀዘቅዝ። ሰዉ ሁሉ ሥራ በዝቶበታል ዛሬ። ቤት ለቤት እየዞሩ የሴቱን ጫማ እያዩ ነው አሉ። ከአሮጌው በር ያለው ጭቃ ቀይ ነው፣ ታውቂያለሽ አይደል” አለች። ድስቷን አንሥታ ወጣች።

ሾርባውን ማንም አልነካውም። የመንደሩ ቤት ሁሉ የማኅበሩ ነው። የአንዷ ስም ከወጣ ከነልጆቿ ወደ ሜዳው ትጣላለች። ያን ጊዜ ደግሞ ክረምት ነበር፤ ውሃ በባልዲ ውስጥ የሚረጋበት።

ዴልፊና እንደዚያ ስትጮህ ሰምቻት አላውቅም።

“ነግሬዎት ነበር! ‘እነዚህን ሰዎች አያውቋቸውም’ ብዬ ነግሬዎት ነበር!”

“ነግረሽኛል።”

“እርስዎ ነገ ኤል አልቶ ይገባሉ። እኔ የተወለድኩት እዚህ ነው። አክስቴ እዚህ ናት፤ የአባቴ መቃብር እዚህ ነው። እርስዎ ግን ሕግዎ እንዳይጣስ ነው ያሰቡት!”

ዶኛ ኒዬቬስ አልተቆጡም። ጥግ ያለው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ሻርባቸውን እስከ አገጫቸው ጎተቱት። ፊታቸው በድንገት የአሮጊት ፊት ሆነብኝ።

“እውነትሽን ነው” አሉ በመጨረሻ። “እኔ ሁልጊዜ ቀርጬ፣ አሳይቼ፣ አልቅሰው አልቅሼ፣ ወደ ቤቴ ነው የምመለሰው። ከዚያ በኋላ ምን እንደሚሆን ቆሜ አይቼ አላውቅም።”

“አሁን ታዲያ ምን እናድርግ?” አልኩ።

ዶኛ ኒዬቬስ የዚያን ቀን ብዙ ተንጎራደዱ። ከግድግዳ ግድግዳ ይሄዳሉ፤ በር ጋ ሲደርሱ ቆም ይሉና ሰንሰለቱን ያያሉ። ደጅ የጫማ ፍተሻው ወደ ላይኛው ሰፈር መድረሱን ከጠባቂዎቹ ወሬ ሰማን። ባሲሊያ የምትኖረው ላይኛው ሰፈር ነው። ያኔ ዶኛ ኒዬቬስ በሩን በመዳፋቸው ደበደቡት።

“ዶን ኢላሪዮንን ጥሩልኝ!”

መጣ። ኮፍያውን አውልቆ ፊት ለፊታቸው ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ዓይኑ ቀልቷል፤ እሱም አልተኛም።

“ስሞቹን ሊሰጡኝ ነው?”

“የምሰጥህ ስም የለኝም። ፊልሙ ላይ ያሉት የመንደርህ ሴቶች አይደሉም። ከሌላ ቦታ ያመጣኋቸው ተዋናዮች ናቸው። ጉድጓዱም የናንተ አይደለም፤ የተዘጋ ሌላ ጉድጓድ ነው። ታሪኩ እንዲጥም ብዬ እኔ ነኝ ያቀናበርኩት። ልጆቹ ያዘዝኳቸውን ነው የሠሩት።”

ዴልፊና ከመቀመጫዋ ተነሣች። ክንዷን ያዝኳት። ወድጄ አይደለም፤ እጄ ቀድሞኝ ነው።

ዶን ኢላሪዮን አያቸው። ከዚያ ወደ ዴልፊና ዞረ፤ እንደገና ወደሳቸው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “እዚያ ላይ፣ ‘ቀስ በይ፣ እህቴ’ የምትለዋ… የማውቃት ሴት መስላኝ ነበር” አለ።

“ተዋናይ ናት።”

“ተዋናይ ናት” አለ እሱም ተከትሎ። ሲተነፍስ ሰማሁት። ያኔ ነው የገባኝ፤ ይህ ሰው እኛን ቆልፎ እሱም ከእኛ ጋር ተቆልፎ ነበር። ስም ቢወጣ መበለቶቹን የሚያባርረው እሱ ነው፤ ስም ካልወጣ ደግሞ ደጅ የቆሙት ሰዎቹ አይለቁትም። “እኔ ባምንዎት አይበቃም። በሬዲዮ ይናገሩት። ሁሉም ይስማ።”

የማኅበሩ ሬዲዮ ጣቢያ አዳራሹ ጎን ያለች አንዲት ክፍል ናት። በዙሪያው ያሉት የማዕድን ሠራተኞች መንደሮች ሁሉ የሚያዳምጡት እሱን ነው። እኛንም ይዘውን ገቡ። ዶኛ ኒዬቬስ ማይኩን አስተካከሉ፤ ጠጋ ቀረብ ብለው ርቀቱን ለኩ። ከዚያ ተናገሩ።

“እኔ ኒዬቬስ ኪስበርት ነኝ። ፊልም ሠሪ ነኝ። እሁድ ያያችሁት ፊልም ውሸት ነው። ሴቶቹን ቀጥሬ አምጥቼ ነው። የቪልካሩማ ሴቶች ጉድጓድ ገብተው አያውቁም። መንደሩን አስቀይሜአለሁ፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ።”

ሌላ አልጨመሩም። ደጅ ላይ መጀመሪያ ፉጨት ተሰማ፤ ቀጥሎ ስድብ። “ቀጣፊ! የከተማ ቀጣፊ!” ስንወጣ አንዱ በጭቃ መታቸው። ፊልሙ ያለበትን ዲስክ በመዶሻ ቀጠቀጡት፤ ጎማችንን ነፉልን። የጫማ ፍተሻው ቆመ። ባሲሊያ ከሴቶቹ መሐል ቆማ ነበር። ቀና ብላ አላየችንም።

ኦሩሮ ስንደርስ ዴልፊና አቁሙልኝ ብላ ወረደች።

ያን የሬዲዮ ንግግር አንዱ በስልኩ ቀድቶት ኖሮ እኛ ቤት ሳንገባ አገር ምድሩን አዳርሶት ነበር። ፊልሙን ሊያሳይ ጋብዞን የነበረ አንድ የፊልም ፌስቲቫል ግብዣውን ሰረዘ። ጋዜጦች ጻፉ። በቅዳሜው ትምህርት ላይ ወንበሮቹ ባዶ መሆን ጀመሩ፤ ጥቂቶች መጥተው ተሰናበቷቸው፤ ሌሎቹ ዝም ብለው ቀሩ። ከሁሉ የከፋው ግን የድሮ ፊልሞቻቸው ላይ የመጣው ነው። ሰው “ያም ተዋናይ ነበር? ያችም?” ማለት ጀመረ። አንድ ቀን አብሬአቸው ቁጭ ብዬ ሳለ ስልክ ተደወለ። የመጀመሪያ ፊልማቸው ላይ ልጇን ስለቀበረችበት ቀን የተናገረችው ሴትዮ ነበረች፤ አርጅታለች፤ በስልኩ ውስጥ ጩኸቷ ለእኔም ይሰማል።

“ልጄን ውሸት አደረግሽብኝ፣ ኒዬቬስ! ሰው መጥቶ ‘እውነት ልጅ ነበረሽ?’ ይለኛል!”

ዶኛ ኒዬቬስ ሴትዮዋ እስክትዘጋ ድረስ ስልኩን ጆሯቸው ላይ እንደያዙ ቀሩ።

ከወራት በኋላ ዴልፊና መጣች። ከስታለች። ሳትቀመጥ ነው የጀመረችው።

“ዋናው ቅጂ እዚህ አለ። እውነቱን ልናገር። ይፍቀዱልኝ።”

“ስትናገሪ ምን ይጠይቁሻል?”

“እነማን ናቸው ይላሉ።”

“እህ?”

“አልነግራቸውም!”

“አንቺ ባትነግሪያቸውም ጫማ ማየት ይጀምራሉ።”

ዴልፊና ግድግዳው ላይ ተደግፋ አለቀሰች። “እስከ መቼ ነው ታዲያ እንዲህ የምንኖረው? እርስዎስ?”

“እኔማ ተናግሬ ጨርሻለሁ” አሉ። “ነይ፣ ቅዳሜ መምጣት ጀምሪ። ካሜራ መያዝ የማያውቁ ሦስት ልጆች አሉብኝ፤ እኔ ጉልበቴ አይታዘዝም።”

ዴልፊና መጣች፤ ከዚያ ወዲህ ቅዳሜን አልቀረችም። ዶኛ ኒዬቬስ ግን ሌላ ፊልም አልሠሩም። ማንም ሊቀረጽላቸው አልፈቀደም። በር አንኳኩተው “ምን ልታስዋሹን ነው?” ተብለው ሲመለሱ ሁለት ጊዜ አብሬ ነበርኩ። በመጨረሻ ሳንባቸው ታመመ። የሞቱ ዕለት ቀብሩ ላይ የቆምነው ጥቂት ነበርን፤ ባሲሊያ ግን ከቪልካሩማ ድረስ መጥታ ከሁላችን ኋላ ቆማ አየኋት።

ዛሬ ይህን የማወራው ነገሩ ስለተለወጠ ነው። ማዕድኑ ስለተመናመነ ማኅበሩ ተከፋፈለ። ዶን ኢላሪዮን ወደ ቆላ ወረደ። መበለቶቹ አሮጌውን በር በስማቸው አስመዝግበው በቀን በብርሃን ይገባሉ፤ ቤቱም የራሳቸው ሆኗል። ባሲሊያ ራሷ፣ “አሁን ተናገሩ፤ ስሜንም ጥሩ” ብላ ላከችብን።

ስለዚህ ዴልፊና ፊልሙን ይዛ መዞር ጀመረች። ባለፈው ጊዜ ኮቻባምባ ላይ ስታሳየው ባሲሊያም መጥታ ነበር። ፊልሙ አልቆ መብራት ሲበራ አንድ ወጣት ተነሥቶ ስልኩን ከፍ አድርጎ ያዘ። የዶኛ ኒዬቬስ ድምፅ አዳራሹን ሞላው፦ ሴቶቹን ቀጥሬ አምጥቼ ነው።

“ይሄ የሳቸው ድምፅ ነው አይደል?” አለ።

“ነው” አለች ዴልፊና። ለምን እንደተናገሩት ማስረዳት ጀመረች፤ ሰዉ ግን ይንሾካሾካል፤ ከኋላ ያሉት መውጣት ጀምረዋል።

ባሲሊያ ተነሣች። “ልጄ፣ እኔ ነኝ እዚያ ውስጥ ያለሁት። ‘ቀስ በይ፣ እህቴ’ ያልኩት እኔ ነኝ።”

ወጣቱ በጥንቃቄ አያት፤ ክፉ ልጅ አልነበረም። “እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና” አለ፣ “ለትወናው ስንት ከፈሉዎት?”

ባሲሊያ ወደ ዴልፊና ዞረች። ዴልፊና ወደ እኔ። ባሲሊያ ሻርባዋን ሰብስባ ተቀመጠች።